ቀዩ በርቶ አረንጓዴው የቀረ ዕለት

የዚያን ዕለት ጠዋት የልጅ ልጄ የሣጥኑን በር ከፍታ ዝም ብላ ቆመች። ያስደነገጠኝ ዝምታዋ ነው፤ ይች ልጅ ስትደሰትም ስትናደድም ቤቱን በወሬ ነው የምትሞላው።

«ምን ሆነ?» አልኋት።

«አልነሣ አለ፣ እምዬ።»

አልነሣ ያለው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተር ስል ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ቴሌቪዥን መሳይ አይደለም። የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ልባስ የላትም፣ አንጀቷ ሁሉ ውጭ ነው። በጠርዟ የጥፍር ያህል ካርድ ይሻጥባታል፤ ስልክ ውስጥ የሚገባው ሚሞሪ ካርድ ማለት ነው። ልጅቱ እንዳስረዳችኝ የሰሌዳዋ ዕውቀት ሁሉ ያለው እዚያ ካርድ ላይ ነው። መብራት ባገኘች ቁጥር ካርዱን አንብባ ምን መሥራት እንዳለባት ታውቃለች። ካላነበበች አታውቅም፤ ተሰክታ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ሥራዋ እንቁላል ማሞቅ ነበር። ዓባይ ማዶ ካለው ግቢያችን አንድ የተበላሸ ፍሪጅ ቆሞ ይኖር ነበር። ልጅቱ ኮሌጅ የምትማረው ኮምፒውተር ነው፤ ትምህርቱ ተቋርጦ ቤት በዋለችበት ጊዜ ያንን ፍሪጅ የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን አደረገችው። ከላይ አምፖሎች፣ ከጎን ማራገቢያ፣ ከውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ዕቃ አስገባችበት። ሙቀቱ ሲወርድ ሰሌዳዋ አምፖሉን ታበራለች፣ ሲወጣ ታጠፋለች። መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ጫጩት የሚያመጡልን መኪኖች ከቀሩ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች እንቁላላቸውን ወደኛ ማምጣት ጀመሩ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዷ ሴት እንቁላሏ ላይ በእርሳስ የራሷን ምልክት ታደርጋለች። ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ምልክት ላደረገችው ነው። ሳይፈለፈል የሞተውም የባለቤቱ ነው። ነገር ሳይለይ ሲቀር ጠብ እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው ቀድሜ የለየሁት።

በዚያ ዙር ብዙውን እንቁላል ያስገባችው ጎረቤታችን ናት። መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች ባለ ደሞዝ ናት፤ ምልክቷ መስቀል ነበር። ጥቂት ያስገባችው ደግሞ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየችው ሴት ናት። ቤቷን ጥላ ከሩቅ የመጣች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር ናት። ከሀገሯ ስትወጣ በቅርጫት ይዛት የመጣቻት አንዲት ዶሮ ነበረቻት። ዶሮዋ የጣለችውን አንድም ሳትበላ አጠራቅማ አስገባች፤ በሳምንቱ ዶሮዋን ፈንግል ገደለባት። እንግዲህ የቀራት ሀብት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። ምልክቷ ክብ ነው። «እነዚህ አድገው እንቁላል ሲጥሉልኝ የሰው አንሶላ ማሸት አቆማለሁ፤ ገበያ እቀመጣለሁ» ትለኝ ነበር። ይህን ስትለኝ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቀዋለች፤ ሳሙናው ጣቶቿን በልቷቸዋል።

እንቁላሎቹ ለመፈልፈል ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። በዋዜማው አንድ አንዱን በስልክ መብራት ስናይ ደም ሥሩ ተዘርግቶ፣ ውስጡ ጥቁር ነገር ሲላወስ አይተናል። አሁን እጄን ሳስገባ ሣጥኑ ለብ ያለ ነው። እየበረደ ነው።

«መብራት የለም እንዴ?»

«አለ። ይኸው ቀዩ በርቷል።»

ሰሌዳዋ ላይ ሁለት ጥቃቅን መብራቶች አሉ። ቀዩ ኤሌክትሪክ ደርሶኛል ማለት ነው። አረንጓዴው ካርዱን እያነበብሁ ነው ማለት ነው፤ ሲሠራ ብልጭ ድርግም ይላል። ያን ዕለት ቀዩ ቀጥ ብሎ ሲበራ አረንጓዴው አንዴም ብልጭ አላለም።

ልጅቱ መጀመሪያ «ኃይል አንሷት ይሆናል» ብላ ቻርጀሩን ለወጠች፣ ገመዱንም ለወጠች። ያው ነው። ቀጥላ የተሰኩባትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። «ከነዚህ አንዱ ተበላሽቶ ይዟት ከሆነ ብቻዋን ስትቀር ትነሣለች» አለችኝ። ብቻዋንም ቀርታ አልተነሣችም። ካርዱን አውጥታ በደረቅ ጨርቅ ጠረገችውና መልሳ ሻጠችው።

«እፍ በይበት» አልኋት።

«ምራቅ ይገባበታል፣ እምዬ።»

«እኔ ስንት ራዲዮ እፍ ብዬ አስነሥቻለሁ።»

«ይሄ ራዲዮ አይደለም።»

«ራዲዮ ቢሆን ይነሣ ነበር።»

ካርዱን ላፕቶፗ ውስጥ ስታስገባው ላፕቶፑ ይህን ካርድ ማንበብ አልቻልሁም፣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ጠየቃት። እንቢ አለችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ ጣለች።

«ካርዱ ነው። ሲጻፍበት ገመዱ ተነቅሎበታል። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ተደጋግሞ ነው።»

ይህን ስትል ነገሩ ገባኝ። በኛ ግቢ መብራት መርገብገብ ሲጀምር አንዱ «ንቀሉ!» ብሎ ይጮኻል። ያኔ ሁሉም ተሯሩጦ ቴሌቪዥኑን፣ ምድጃውን፣ ስልኩን ከግድግዳ ይነቅላል፤ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ የስንቱን ሰው ዕቃ አቃጥሏል። ሣጥኑን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን ነው የምንነቅለው፤ ውስጡ ነፍስ አለ ብለን። ለካ ሰሌዳዋ ካርዱ ላይ በምትጽፍበት ሰዓት መንቀላችን ካርዱን ሲያበላሸው ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኋት።

«ባትሪ ልገጥምለት አስቤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብትነቅሉትም…»

«ባትሪውን አልጠየቅሁሽም። ለምን አልነገርሽንም ነው ያልሁሽ። ያልተነገረው ሰው አይወቀስም።»

«ማን ወቀሰሽ፣ እምዬ?»

«ልትወቅሺ አፍሽን ስትከፍቺ አይቻለሁ።»

እሷም ተነሥታ አምፖሉን በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ሰካችው። ከእንግዲህ የሚያበራውም የሚያጠፋውም ሰው ነው። የመስታወት ሙቀት መለኪያ አመጣችና ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችልኝ። ከመስመሩ ሲያልፍ እነቅላለሁ፣ ሲወርድ እሰካለሁ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ መስመር ማየት ግን አያቅተኝም። በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁና ሰሌዳዋ ስትሠራ የነበረውን ሥራ ያዝሁ።

ቀላል ይመስላል። ዓይንን ግን ለአፍታ ማንሣት አይቻልም። ማራገቢያው ከሰሌዳዋ ጋር ስለቆመ ሙቀቱ ከላይ ይጠራቀማል፣ ከታች ይበርዳል። ሰው ያናግረኛል፣ አልመልስም። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ታርፋለች፣ እተዋታለሁ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ ግድግዳው ስትዞር አንገቴ ደርቆ ነበር። ያች ጥፍር የምታህል ካርድ ምን ያህል ሥራ ትሠራ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹን ጠራኋቸው።

«እንቁላል ያላት ሁሉ ተራ አላት። ብዙ ያላት ብዙ ትቀመጣለች፣ ጥቂት ያላት ጥቂት» አልሁ።

ባለ ደሞዟ ሳቅ አለች። «እማማ፣ እኔ እኮ ፈርሜ የምገባ ሰው ነኝ።»

«ቅዳሜ ከሰዓትም ትፈርሚያለሽ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት እንኳ ነፃ ነኝ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት ያንቺ ነው። በሌላውም ቀን ከሥራ ስትወጪ ትመጫለሽ።»

«ዘብ አደረጉኝ በሉኛ!»

«አዎ፣ ዘብ ነሽ። የምትጠብቂው የራስሽን ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። በሁሉም ፊት እሺ አለች። እሺ ማለቷን አልረሳም።

ልጅቱ ከሱቅ አዲስ ካርድ ገዛች። አዲስ ካርድ ግን ባዶ ነው፤ ሰሌዳዋን የሚያስነሣው ነገር ሊጻፍበት ይገባል፤ እሱ ደግሞ ከኢንተርኔት የሚወርድ ትልቅ ፋይል ነው። የስልክ ኢንተርኔት ከተማው ውስጥ ከተዘጋ ሰንብቷል። የቀረው ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ዋይፋይ ነው። ዓርብ ዕለት ሄዳ ፋይሉ ግማሽ ሳይደርስ ተመለሰች፤ በአንድ ለስላሳ ብዙ ቆየሽ ብሎ አስተናጋጁ አስነሥቷት ነው።

«ነገ እኔም እመጣለሁ» አልኋት።

ቅዳሜ ባለ ደሞዟ መጥታ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ አይቼ ወጣሁ። መስመሩን አሳየኋት። «አውቄዋለሁ፣ እማማ፤ ሂዱ በቃ» አለችኝ።

ሆቴሉ ባዶ ነበር። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች እስከ ውኃው ተደርድረዋል፤ ገዳማቱን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚያሻግሩት ጀልባዎች ታስረው ቆመዋል፤ ሽፋናቸውን ወፍ አበላሽቶታል። ልጅቱ ላፕቶፗን ከፈተች። እኔ ለስላሳ አዝዤ ፊቴ አስቀመጥሁት። ፋይሉ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወርዳል። አስተናጋጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረን።

«እማማ፣ ሌላ ምን ልታዘዝ?»

«ምንም።»

«ቦታው ለተስተናጋጅ ነው፤ ይቅርታ…»

«እየተስተናገድሁ ነው። ጠርሙሱን አላየኸውም?»

«አልጠጡትም እኮ።»

«ስጨርስ እነሣለሁ። አሁን ቦታ አጥቶ የቆመ ሰው ካለ አሳየኝና ልነሣለት።»

ልጁ ዞር ብሎ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ። አሳዘነኝ፤ ከላዩ ያለ ሰው ልኮት ነው። ሁለተኛ አልመጣም። እኔም ለስላሳውን ሳልቀምሰው ሞቀ።

ፋይሉ አለቀ። ልጅቱ እዚያው አዲሱ ካርድ ላይ መጻፍ ጀመረች። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ላፕቶፑ የጻፍሁትና የተነበበው አይመሳሰልም አላት። ደግማ ጻፈች፤ ያንኑ አላት። ካርዱን አገላብጣ አየችው።

«ሐሰተኛ ነው፣ እምዬ። ላዩ ላይ የተጻፈው ትልቅ ነው፤ ውስጡ ግን የሚይዘው ትንሽ ነው።»

«ሙዝ የገባበት ቅቤ በይኛ።»

ወደ ባለ ሱቁ ሄድን። ካርዱን ባንኮው ላይ አስቀመጥሁለት።

«እማማ፣ እኔም ገዝቼ ነው የሸጥኩት» አለኝ።

«እኔም ገዝቼ ነው የመለስሁልህ።»

ሌላ አወጣ። አልተቀበልሁም፤ እዚሁ ተሞክሮ እናያለን አልሁ። ልጅቱ ባንኮው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ጻፈችበት። ቀርፋፋ ነው። ሰውየው እያጉተመተመ ሌላ ደንበኛ አስተናገደ። እኔ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስሁም። ሲያልቅ የተጻፈውና የተነበበው ተመሳሰለ። ካርዱን በመሐረቤ ቋጥሬ በባጃጅ ተመለስን። ድልድዩ ላይ ፍተሻ ነበረና ሰልፉ ያዘን። ልጅቱ ካርዱ ተገኘ ብላ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ቀን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ስንገባ በርጩማው ላይ ተከራይዋ ተቀምጣለች። ልጇን አዝላ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተኝታለች። እጇ የአምፖሉን ገመድ እንደያዘ ነው። አምፖሉ በርቷል። መለኪያው ቀዩን መስመር ካለፈ ቆይቷል፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ወጥቷል።

ገመዱን ከእጇ መንጭቄ ነቀልሁት። በሩን ስከፍተው ፊቴን ወላፈን መታው። ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን እንቁላል አነሣሁ፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር መሰለኝ። ሴትዮዋ ነቃች። መጀመሪያ ያየችው መለኪያውን ነው። ማንበብ አትችልም፤ መስመሩን ግን ታውቀዋለች።

«ተራው የማን ነው?» አልኋት።

«የእትዬ ነው። ልቅሶ አለብኝ፣ ትንሽ ቁጭ በይልኝ ብለውኝ…»

«ጠዋት የራስሽን ተቀምጠሽ የለም?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ከዚያስ?»

«የሳቸውን አንሶላ አጠብሁ።»

«ታዲያ እንቢ አትያቸውም?»

ልጇን ጀርባዋ ላይ አቃናች። ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ገባኝ። የምትበላው ከዚያች ሴት ልብስ ነው።

የልጅ ልጄ መስኮቱን ዘግታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልክ መብራት አየቻቸው። እያንዳንዱን ረጅም ጊዜ ታየዋለች፤ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ብላ። ካርዱ ሳይበላሽ ተዘርግቶ ያየነው ደም ሥር ጠፍቷል። ከላይና ከመካከል ያሉት ሁሉ ሞተዋል፤ የኔም ሁለት ሰረዝ ያሰመርሁባቸው፣ የሌሎቹም ሴቶች፣ ክቦቹም በሙሉ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ሙቀቱ ካልደረሰበት ከኋለኛው ጥግ፣ ጥቂት የሚላወሱ ተገኙ። ተከራይዋ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ክብ ያለበት ሲነሣ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው።

ልጅቱ ካርዱን ሻጠች። አረንጓዴው ወዲያው ብልጭ ድርግም አለ፤ ሰሌዳዋ ነቃች። የራሷን ፕሮግራም እንደገና መጻፍ ነበረባት፤ እስክትጨርስ እኔ ለተረፉት ጥቂት እንቁላሎች ገመዱን እየነቀልሁና እየሰካሁ ተቀመጥሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለ ደሞዟን አስጠራኋት። ሴቶቹም መጡ።

«የተኛሁት እኔ ነኝ?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ተራው ያንቺ ነበር።»

«ሰው ተክቼ ነው የሄድኩት። ቢሮም ቢሆን ሰው ይተካል።»

«ቢሮ የሚተካው ያልደከመ ሰው ነው። አንቺ የተካሽው አንሶላሽን ስታሽ የዋለችውን ነው።»

«አልችልም ማለት ትችል ነበር፣ እማማ። አላስገደድኳትም።»

ተከራይዋ ከኋላ ተናገረች። «ጥፋቱ የኔ ነው። የተኛሁት እኔ ነኝ። ይተዉት፣ እማማ፤ በኔ ምክንያት አትጣሉ።»

በዚያ ቀን ከሁሉ የባሰ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሰው ያልበላውን ዕዳ ሲቀበል ማየት አልወድም።

«አንቺ ዝም በይ» አልኋት። ወደ ሌላዋ ዞርሁ። «ጥፋቱ የባለ ተራዋ ነው። የተረፉት ሲፈለፈሉ እኩሌታው የክብ ይሆናል።»

ባለ ደሞዟ ተነሣች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ምልክት ይደረግ ያሉት እርስዎ ነዎት። የሞተውም የባለቤቱ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን ስላልጣመዎት ደንቡ ይቀየር?»

ሴቶቹ ወደኔ አዩ። ደንብ የወጣው እንቁላል በራሱ ሲሞት ነው እንጂ ሰው ጥሎት ሲሄድ አይደለም ልል እችል ነበር። ይህ የታሰበኝ ግን ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ጫጩቶቹ ወጡ። ከየቅርፊቱ ላይ ምልክቱን አየሁ፤ ሁሉም መስቀል ነው። አንድም ክብ የለም። ባለ ደሞዟ ካርቶን ይዛ መጣች። ጫጩቶቹን አስገብታ ወደ በሩ ስትሄድ ካርቶኑን ተቀብያት ደጃፉ ላይ ቆምሁ።

«እኩሌታውን ሳትተዪ ከዚህ አይወጣም» አልኋት።

«እማማ፣ ይስጡኝ።»

«አልሰጥም።»

ስንት ጊዜ እንደተባባልን አላውቅም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል። ያኔ ተከራይዋ ከጀርባ ክፍሏ ወጣች። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። በቀሚሷ ጠረገችና ካርቶኑን ከእጄ ወሰደችው፤ በቀስታ ነው የወሰደችው፤ እኔም ሳላስበው ለቀቅሁት። ባለ ደሞዟ ቤት ድረስ ተሸክማ አደረሰችላት። ስትመለስ አጠገቤ ቆም ብላ «ነገ የማጥብላቸው አለኝ፣ እማማ» አለችኝ፤ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ።

ከኔ ዶሮዎች እንቁላል ሰብስቤ ወሰድሁላት። ለሣጥኑ ነው አልኋት። አመስግና ተቀበለችኝ። በማግስቱ ብጠይቃት ቀቅላ ለልጇ አብልታዋለች። ምን ይባላል። ሕፃኑ ርቦት ነበር።

አሁን ሣጥኑ ባትሪ አለው፤ «ንቀሉ!» ሲባልም እሱን የሚነካው የለም። ሴቶቹ እንደገና ማምጣት ጀምረዋል፤ ባለ ደሞዟም ታመጣለች፤ አልከለክላትም፣ ለማንም የተከፈተ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ግን አንድ ጥግ ለይቼ በእርሳስ ክብ አድርጌበታለሁ። ቦታ ሲጠብብ ሴቶቹ ያጉተመትማሉ። ባለ ደሞዟ አንድ ቀን እንቁላሏን እዚያ ልታስቀምጥ እጇን ስትሰድ «የሰው ቦታ ነው» ብያታለሁ። ተከራይዋ የልብስ ሳፋዋን ተሸክማ በደጃፉ ታልፋለች፤ ወደ ውስጥ ግን አታይም።

«እምዬ፣ ባዶ ቦታ እኮ ነው የምናሞቀው» ትለኛለች የልጅ ልጄ።

«ይሙቅ» እላታለሁ። «ስታመጣ ታስቀምጥበታለች።»

እስካሁን አላመጣችም።